ሐምሌ ሠላሳ አንድ

በየነ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የኮርንፍሌክስ ካርቶን ዘርግቶ በመቀስ ይቆርጣል። እያንዳንዱን ቁራጭ በመዳፉ ልክ ያወጣዋል፤ ጫፉን በወፍራም መርፌ ይበሳዋል፤ ባለቤቱ ፋናዬ ሹራብ ሠርታ ከተረፋት ሰማያዊ ክር ቆርጦ የአንገት ማንጠልጠያ ያስርበታል። በፊት ለፊቱ የሚያጠልቀውን ሰው ስም፣ በጀርባው የራሱን የሞባይል ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ይጽፍበታል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። መስኮቱ ስለተከፈተ፣ ከታች የያንግ መንገድ አውቶቡሶች እያቃሰቱ ሲቆሙና ሲነሡ ይሰማል።

ፋናዬ ለሳምቡሳ የሚሆን ምስር እየለቀመች ቀና አለች።

«ይሄን ሁሉ በአንገታችን ልታንጠለጥልብን ነው?»

«ሰው እንዳይጠፋብኝ ነው። አርባ ሰው ነው የምመራው።»

«ከተማዋ አንድ መንገድ ብቻ ናት ያላት አላልክም?»

«በአንድ መንገድም ሰው ይጠፋል።»

«አንተ ከመራኸውማ፣ አዎ» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

በየነ አልተቀየመም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትነካካው ኖራለች፤ የቀረች ቀን ታመመች እንዴ ብሎ ይሰጋል።

በሱዳን በኩል ዞሮ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው ቶሮንቶ የገባው። ከዚያ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መሀል ከተማ ባለ አንድ ፓርኪንግ፣ የመስታወት ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ሲሰጥ ኖረ። ጎጆዋ ጠባብ ከመሆኗ የተነሣ፣ በብርዱ ወራት ካፖርቱን እንደለበሰ ከገባ መዞር ያቅተው ነበር። ደመወዝ የሚከፈለው ለቲኬቱ ቢሆንም እሱ የሚወደው መንገድ መጠቆም ነበር። ሆስፒታሉ በየት ነው? ባቡር ጣቢያውስ? የጠየቀው ሰው ሁሉ መልስ ይዞ ይሄዳል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማለት ግን ሁልጊዜ ማለት አይደለም። «አላውቅም» የምትለዋ ቃል ከበየነ አፍ ወጥታ አታውቅም። ፋናዬ እንደምትለው፣ በየነ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

በዚህ ዓይነት መልስ ተቀብለው ከሄዱት ሰዎች አንዷ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ናቸው። ለአገሩ ገና አዲስ ሳሉ፣ በረዶ በሚጥልበት አንድ ጠዋት፣ ኤግሊንተን ዌስት በጽዳት ሥራ ተቀጥረው የመጀመሪያ ቀናቸው ነበር። በቤተ ክርስቲያን የሚያውቁትን በየነን ጎጆው ድረስ ሄደው የቱን አውቶቡስ ልያዝ አሉት። ሳያመነታ ነገራቸው። በከተማዋ ዳር፣ ሬክስዴል ወረዱ። ከመጋዘንና ከፋብሪካ በቀር ምንም በማይታይበት ቦታ፣ በስስ ጫማ በረዶ ላይ ቆሙ። ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ኋላ ሆስፒታል ገብተው የጽዳት ሠራተኞች አለቃ እስከ መሆን ደረሱ፤ ሬክስዴልን ግን አልረሱም። በየነን ባገኙት ቁጥር በትሕትና ይጨብጡታል። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «መንገዱ እንዴት ነው፣ አቶ በየነ?» ይሉታል።

እግዜር ሲያመጣው የበየነ ልጅ ይዲድያ የእኚህኑ ሴት ልጅ፣ ጸዮንን ወደደ። ጸዮንም እሺ አለች። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር፤ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ግን የሚቀበሉበትን ቀን አልቆርጥ አሉ። ይዲድያ «ዳድ፣ ጀስት ቶክ ቱ ኸር» እያለ ይወተውታል፤ ከእናትየው ጋር ማውራት እንደ ፒዛ ኮል አድርጎ ማዘዝ ይመስለዋል። ፋናዬ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ምክንያቱን ብትጠይቃቸው፣ «በልጁ ቅር አይለኝም፤ ጨዋ ነው። አባትየውን ግን አንዲት ቀን ‹ተሳስቻለሁ› ሲል ልስማው» አሏት። ፋናዬ ይህን ለባሏ እንዳለ አልነገረችውም። «ትንሽ ጊዜ ይፈልጋሉ» ብላ አለሳልሳ አለፈችው።

በየነ በበኩሉ ነገሩን የሚያለዝበው ደግነት ነው ብሎ ደመደመ። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥር መሆኑ ነው፣ የአረጋውያን ማኅበሩ የበጋ ሽርሽር አዘጋጅ አድርጎ መርጦት ነበር። ከስዊስ አገር የመጡ ሰዎች የቆረቆሯት ኒው ቱን የምትባል ትንሽ ከተማ ከቶሮንቶ በስተ ምዕራብ እንዳለች ሰማ። ደወለ። ኤርንስት የሚባል አይብ ሠሪ ሽማግሌ ስልኩን አነሣ። ሁለቱ ጡረተኞች ደህና አድርገው አወሩና ለእንግዶቹ ትልቅ ገበታ እንዲዘጋጅ ተስማሙ፤ አይብ በየዓይነቱ፣ ትኩስ ቅቤ፣ እርጎ በማር። ቀኑም ቅዳሜ፣ ኦገስት ሰባት ሆነ።

ገበታውን ለማንም አልተናገረም፤ ሰርፕራይዝ ነው። ለፋናዬ እንኳ አልነገራትም። ፋናዬ ካወቀች ከሁለት ፎቅ በታች የምትኖረው ሀጂራ ታውቃለች፤ ሀጂራ ካወቀች ደግሞ ቶሮንቶ አወቀ ማለት ነው። ወይዘሮ ወለተሥላሴን ሲጋብዛቸው ስለ ከተማዋ ጸጥታና ስለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያኗ ብቻ ነበር የነገራቸው።

«መቼ ነው?» አሉት።

«ኦገስት ሰባት፣ ቅዳሜ።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ በጣታቸው አንጓ ላይ የሆነ ነገር ቆጠሩ። ከዚያ፣ በየነ በእሱ ላይ ሲያርፍ አይቶት የማያውቅ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ወጣ።

«ደህና ቀን መርጠዋል» አሉት።

በየነ ቅዳሜን ማለታቸው መሰለው።

እሱም ቆጥሮ ነበር። ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው መድኃኒት ቤቱ በነጻ የሰጠው፣ የቡችላ ሥዕል ያለበት ካላንደር ነው። ፋናዬ ከመስከረም ጀምሮ፣ «ዳንፎርዝ ስትሄድ ከዘርይሁን ሱቅ የኛን ካላንደር አምጣ፤ በዓሉም ጾሙም ይምታታብናል» እያለች ትልከዋለች። በየነ ይሄዳል፤ ከዘርይሁን ጋር ያወራል፤ ሎሚ ወይም የስልክ ካርድ ገዝቶ ይመለሳል። ስትቆጣው «እኔ በጭንቅላቴ ነው የምይዘው» ይላታል። ያንንም በጭንቅላቱ ነው ያሰላው።

ቅዳሜ ጠዋት ፋናዬ ሻይ ስትቀዳለት ወተቱን ከፊቱ አነሣችበት። በየነ አስቸኮለችው እንጂ ሌላ አልመሰለውም።

ቢጫው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከዘርይሁን ሱቅ ጀርባ ካለው ፓርኪንግ ቆሟል። ሰዎቹ እየመጡ ካርቶናቸውን ባንገታቸው አጠለቁ። በየነ ሁለት ነገር ገረመው። አንደኛ፣ ሴቶቹ አብዛኞቹ ነጠላ ለብሰዋል። ሁለተኛ፣ ሁሉም ስንቅ ይዘዋል።

«ምነው ይህን ሁሉ ተሸከማችሁ? እኔ እያለሁ?»

«ለዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉት ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ የዳቦ ፌስታላቸውን ጉልበታቸው ላይ እያመቻቹ። ከዚያ ለጎረቤታቸው፣ እሱ እንዲሰማ አድርገው፣ «ሰውን ቶሎ መፍረድ ጥሩ አይደለም። አየሽ፣ ዛሬን አስቦ መረጠልን» አሏት። በየነ ልቡ ሞቅ አለ። ይህች ቃል ለይዲድያ እንደምትደርስ አሰበ።

አውራ ጎዳናው ላይ ጥቂት እንደሄዱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ በመስኮቱ በቀኝ በኩል ተመለከቱ።

«ያቺ ሬክስዴል አይደለችም?»

«ናት» አለ በየነ ቀስ ብሎ።

«አውቃታለሁ» አሉ።

አውቶቡሱ ሳቀ። ወይዘሮ ወለተሥላሴም ራሳቸው ፈገግ አሉ፤ ሬክስዴል ላይ ሲቀልዱ የመጀመሪያቸው ነበር። በየነ ይሄኔ ጊዜው ደረሰ ብሎ ተነሣ። ወንበሩን ይዞ፣ በአውቶቡሱ መንገጫገጭ ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሞችና እኅቶች! ስንቃችሁን መልሳችሁ ቤታችሁ ትወስዱታላችሁ። ዛሬ የተዘጋጀላችሁ ገበታ ሌላ ነው። አይቡ በየዓይነቱ፣ ቅቤው፣ እርጎው! ነገ ፍልሰታ ይገባል፤ ዛሬ ቅበላችንን በስዊሶች ቤት እናደርጋለን!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የምን ቅበላ?» አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

«የፍልሰታ ነዋ። ትናንት ሐምሌ ሠላሳ። ዛሬ ሐምሌ ሠላሳ አንድ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንድ ሰው ከኋላ «ሐምሌ ስንት?» አለ። ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። የልብ ድካም ያለባቸው ሳይቀሩ እየተደገፉ ሳቁ።

«ኧረ በየነ!» አለች ሀጂራ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች። «እኔ እስላሟ እንኳ የናንተ ወር ሠላሳ ቀን መሆኑን አውቃለሁ!»

«ለሐምሌ የካናዳ ዜግነት ሰጣት እኮ!» አለ ከኋላ ያለው ሰው።

ፋናዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ካላንደር አምጣ ስለው» ትላለች በመሀል፣ «ካላንደር አምጣ ስለው…»

ያልሳቁት ወይዘሮ ወለተሥላሴ ብቻ ነበሩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «እኔ አስበውበት መስሎኝ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። በየነን ከሳቁ ሁሉ ይልቅ የጎዳው ይህ ነው። ተቀመጠ። ኤርንስትን በስልክ ሊያገኘው ሞከረ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። የይዲድያ ፊት ታየው። ልጁ ማታ «ሃው ዲድ ኢት ጎ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ኒው ቱን ሲደርሱ አገሩ እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ሆኖ አገኙት። ዙሪያውን በቆሎ ነው። ቤቶቹ የእንጨት ሰገነት አላቸው፤ በየመስኮቱ ሥር ቀይ አበባ በሳጥን ተተክሏል፤ መጋረጃዎቹ ዳር ዳራቸውን በጥልፍ ተሠርተዋል። በምስማርና ቀለም መሸጫው ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት እስከ ጣሪያ፣ በረዶ የለበሰ ትልቅ ተራራ ተሥሏል።

«ተራራው የት አለ?» አለች ሀጂራ።

«ያውልሽ» አለቻት ፋናዬ ግድግዳውን እያሳየቻት። «ጭኖ ማምጣት ቢያቅታቸው ሳሉት።»

ኤርንስት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ጉንጩ የቀላ፣ ጥልፍ ያለበት ማንጠልጠያ ሱሪ የለበሰ፣ ከበየነ በዕድሜ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ነው። ለክብራቸው ብሎ አያቱ ከስዊስ አገር ያመጡትን የላም ቃጭል በሁለት እጁ አንሥቶ ደወለው።

ያ ድምፅ ለነዚህ ሰዎች አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው አማተቡ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ቆባቸውን አወለቁ፤ አንዷ ባልቴት ልትሰግድ ጎንበስ ስትል ፋናዬ ክንዷን ይዛ «የላም ነው፣ የላም!» አለቻት። ኤርንስት ግን እንዲህ ያለ አክብሮት በዘመኑ አይቶ ስለማያውቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቃጭሉን እንደገና ደወለው። እንደገና አማተቡ።

ከዚያ ወደ አዳራሹ አስገባቸው። ረጅሙ ገበታ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። እንደ ጋሪ ጎማ ያለ አይብ አለ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አለ፤ በቅጠል የተጠቀለለ፣ በጭስ የጠቆረ አለ። ቅቤው በላም ቅርጽ ተሠርቷል። ኤርንስት ቢላዋውን ይዞ ቆመ፤ አርባ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ማንም እጁን አልዘረጋም።

«ምነው?» አለ ኤርንስት፣ ፈገግታው እየደበዘዘ። «አልወደዱትም?»

በየነ አፉን ከፈተ። ለሰው ሁሉ መልስ የሰጠ አንደበት ለዚህም መልስ አላጣም።

«አለርጂ ነው» አለ በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ወተት አይስማማቸውም።»

«አርባዎቹም?»

«አርባዎቹም። በዘር ነው።»

ኤርንስት ደንግጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ገበታውን በጨርቁ ሊሸፍን ተጣደፈ። ሰዉ እንዳይታመምበት መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከግድግዳው ተነሥተው በየነ አጠገብ መጡ።

«አቶ በየነ» አሉት በለሆሳስ። «ጾም መግደፍ አንድ ነገር ነው። ውሸት ግን በፍስክም አይበላም። ሰውየው ከንጋት ጀምሮ ሲደክምልን ውሏል። እውነቱን ይንገሩት።»

በየነ ገበታውን አየ። ኤርንስት በላም ቅርጽ የተሠራውን ቅቤ እንዳይበላሽ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ጓዳ ሊወስድ ነው። የበየነ ድምፅ፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝቅ አለ።

«ኤርንስት፣ አለርጂ የለባቸውም። ዛሬ ጾም ነው። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ያላወቅኩት እኔ ነኝ። በኛ አገር ወር ሠላሳ ቀን ነው። እኔ አንዱን ሠላሳ አንድ አደረግኩት። ተሳስቻለሁ።» ከዚያ ዞር አለና በአማርኛ ጨመረ። «ያኔም ተሳስቻለሁ፣ ወይዘሮ ወለተሥላሴ። አውቶቡሱን አላውቀውም ነበር።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

ኤርንስት ቅቤውን እንዳቀፈ ቆሞ ነበር። ቀስ በቀስ ፊቱ ተፈታ።

«የራሳችሁ ካላንደር አላችሁ?»

«አለን» አለ በየነ። «እኔ ቤት ግን የለም።»

ኤርንስት ሳቀ። ሴት አያቱ አዲስ ዓመትን የምታከብረው በአሮጌው አቆጣጠር፣ ጃንዋሪ አሥራ ሦስት ቀን እንደነበር ነገራቸው። በመጣችበት መንደር ልማዱ እንዲያ ነበር። ጎረቤቶቿ ዘገየሽ እያሉ ሲስቁባት፣ «እናንተ ናችሁ የቸኮላችሁ» ትላቸው ነበር አለ። በየነ ይህን ሲተረጉምላቸው አዳራሹ ሞቀ። «የኛው ዘመድ ናት!» አለች ልትሰግድ የነበረችው ባልቴት።

«እንግዲህ» አለች ሀጂራ እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ «የሰው ገበታ ሳይነካ አይቀርም። ረመዳን ሊገባብኝ ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ ቅበላ ያለብኝ እኔ ነኝ።» ሐራም እንዳይሆንባት፣ አይቡ በምን እንደረጋ ኤርንስትን ጠየቀችው። ከአትክልት በሚወጣ ነገር ነው አላት። ተቀመጠች። ብቻዋን አርባ ሰው ወክላ፣ ከጫፍ ጀምራ፣ አንድ በአንድ ቀመሰች፤ ለእያንዳንዱም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ምስክርነት ሰጠች።

«ይሄኛው ፎርማጆ ነው፣ የታወቀ ነው። ይሄ ደግሞ… ውይ! የበሰለ የሀገር ቅቤ! ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ እዚህ አጠገብ አይቁሙ፤ ሽታው ያስገድፋል።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ እዚያው እንደቆሙ ሳቁ። ሳቃቸው እንደ ልጅ ሳቅ ቀጭን መሆኑን በየነ ያን ቀን አወቀ።

የተረፈውን ኤርንስት በወረቀት ጠቀለለላቸው። ይበላሽ ይሆን ወይ ብለው ሲጠይቁት ትልቁን በጥፊ መታ መታ አደረገው። «ይህ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ሁለት ሳምንት መጾም አያቅተውም» አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ስንቃቸውን ፈቱ። ኤርንስትም ሳምቡሳውን ከነሱ ጋር በላ፤ ቃሪያው አቃጥሎት ፊቱ ይበልጥ ቀላ።

ሲመለሱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ከበየነ ጎን መጥተው ተቀመጡ። ትልቁ አይብ በሁለቱ እግር መካከል ወለሉ ላይ ነበር። ሬክስዴልን ሲያልፉ፣ እሱ ወደዚያ ላለማየት ዓይኑን አይቡ ላይ ሲተክል፣ ተናገሩ።

«ይህን አይብ እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡት።»

«እሺ።»

«ለፍልሰታ መፍቻ ሽማግሌዎችዎ ይዘውት ይምጡ።»

በየነ ዓይኑን ከአይቡ አነሣ።

«ነሐሴ አሥራ ስድስት ነው» አሉ። «እሑድ ይውላል። የፈረንጁን ስንት ቀን እንደሆነ ያውቁታል?»

በየነ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠው።

«አላውቅም» አለ። «ይንገሩኝ።»

ነገሩት። በቀይ እስክሪብቶው፣ አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው የራሱ ካርቶን ጀርባ ጻፈው።

ዳንፎርዝ ሲወርዱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ፋናዬ አይቡን ተቀብላ አቀፈችና ወደ ዘርይሁን ሱቅ በአገጯ ጠቆመችው።

«አሁን እንኳ ግባና ካላንደሩን አምጣ።»

«አሁኑኑ» አለ በየነ።

ገባ። ዘርይሁን ካላንደሩን ከመስከረም ጀምሮ ጠቅልሎ በላስቲክ አስሮ፣ «የጋሽ በየነ» ብሎ ጽፎበት ከባንኮኒው ሥር አስቀምጦለት ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ትንሽ ቢቀረውም አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረለት። በየነ ግን ካላንደሩን ከማንሣቱ በፊት ክንዱን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ ወሬውን ከአውቶቡሱ ጀመረ፤ ቃጭሉን፣ የሀጂራን አቀማመስ፣ የወለተሥላሴን ሳቅ። ዘርይሁን እየሳቀ ሁለት ጊዜ አስደገመው።

ፋናዬ ውጭ ሆና አይቡን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው እያዛወረች ጠበቀች። በመጨረሻ በየነ በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ። ፊቱ ያበራል። እጁ ላይ ሎሚ ይዟል።